ሰልጣኙ ብዙ፣ ማሽኑ ጥቂት ሲሆን፦ የተጨናነቀ ወርክሾፕን በሥርዓት የማስኬጃ መመሪያ

እዚህ ጎንደር ውስጥ ቴክኒክና ሙያ ማሰልጠን የጀመሩ አዳዲስ ባልደረቦች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ማሽኑ ሦስት ነው፣ ደግሞ አይሰሙኝም። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ምሳሌዬ የብረታ ብረትና ብየዳ ክፍል ነው። 48 ሰልጣኝ፣ 3 የብየዳ ማሽን፣ 4 ሞርሳ (ብረት ቆንጥጦ መያዣ)፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡30 የተግባር ክፍለ ጊዜ። ኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ እንጨት ሥራ ወይም ልብስ ስፌት የምታሰለጥኑ ከሆነ የየጣቢያውን ሥራ ብቻ ቀይሩ። አካሄዱ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ወርክሾፕ ውስጥ የሚረብሽ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ባዶ የሆነ ልጅ ነው። ሦስቱ ሲበይዱ አርባ አምስቱ ቆመው ካዩ፣ ግፊያውም ስልኩም ጠቡም የሚመጣው ከዚያ ወረፋ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወረፋውን ለማጥፋት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ኮምፔንሳቶ፣ ሚስማርና ጥቁር ቀለም (ለመሣሪያ ሰሌዳ)
- 96 የለስላሳ ቆርኪ
- አሮጌ የመኪና ቸርኬና መምቻ ብረት (ለደወል)
- ስድስት ወፍራም ካርቶን (ለጣቢያ ካርድ)
- ወፍራም ጥቁር ሸራ (ለብየዳ መጋረጃ)
- ወለል ለማስመር ነጭ ቀለም
- ሁለት ባልዲ ደረቅ አሸዋና ቧንቧ ከሌለ በጀሪካን ንጹህ ውሃ
- የግድግዳ ሰዓት
- አንድ ትልቅ መዝገብ
- ቁርጥራጭ ብረት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው

ቆርኪውን ማንኛውም ግሮሰሪ በነጻ ይሰጣችኋል። ኮምፔንሳቶና ቀለም ቅዳሜ ገበያ አለ። ቁርጥራጩን ደግሞ በርና መስኮት ከሚሠሩ ብየዳ ቤቶች ለምኑ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ከኮሌጁ ደብዳቤ ያዙ። ሰልጣኞቻችሁን ለትብብር ስልጠና የሚቀበሉት እነሱ ስለሆኑ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ። ዚንክ የተቀባውን ግን አትቀበሉ። ሲበየድ የሚያወጣው ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚልና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል።

1. ከሰው በፊት መሣሪያ ቁጠሩ

ክፍሉ ከመጀመሩ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ እያንዳንዱን መሣሪያ በእጃችሁ ሞክሩ። የሚሠራው በአንድ በኩል፣ የሚጠገነው በሌላ በኩል፣ የማይረባው ወደ ስቶር። በካይዘን (የጃፓኖች የሥራ ቦታ ማሻሻያ ዘዴ) ስልጠና «ማጣራት» የተባለው ይኸው ነው።

ለምን? መዝገብ ላይ አምስት ማሽን ያለው ወርክሾፕ፣ ኬብሉ የተላጠውና መያዣው የላላው ሲወጣ ሦስት ይቀረዋል። በአምስት አቅዳችሁ በሦስት ከጀመራችሁ የመጀመሪያው ቀን በግርግር ያልቃል። የመጀመሪያው ቀን ከተበላሸ ደግሞ ለማስተካከል ወር ይፈጃል።

2. ቡድኑን እናንተ መድቡ

ስድስት ቡድን፣ በየቡድኑ ስምንት ልጅ። ራሳቸው ይምረጡ ካላችሁ ጓደኛ ከጓደኛው ይገጥምና ወሬው አይቆምም። የከተማውን ልጅ ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋ መጥቶ ቤት ተከራይቶ ከሚማረው ጋር አደባልቁ። አንዱ ከዚህ በፊት ማሽን አይቷል፣ ሌላው በእጅ ሥራ ጉልበትና ትዕግሥት አለው። አብረው ሲሆኑ ይማማራሉ።

ሴት ሰልጣኞችን አንድ አንድ እያደረጋችሁ በየቡድኑ አትበትኑ። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይግቡ። ብቻዋን የገባች ልጅ ሳታስቡት ጸሐፊና ጠራጊ ሆና ትቀራለች። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘና) ሲደርስ እጇ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ሳይለምድ ለምዘና ትቀርባለች። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በአንድ የምደባ ወረቀት መከላከል ይቻላል።

የቡድን መሪ ስትመርጡ ጎበዙን ሳይሆን ታጋሹን ፈልጉ። ጎበዙ ልጅ የጓደኛውን መሣሪያ ተቀብሎ ራሱ ይሠራዋል። ታጋሹ ቆሞ ያሠራል። መሪውን በየሁለት ሳምንቱ ቀይሩ።

3. ስድስት ጣቢያ አዘጋጁ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ወለሉን በነጭ ቀለም ከፋፍሉ። በየጣቢያው ካርድ ስቀሉ። ካርዱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ምን ይሠራል፣ በምን ይሠራል፣ ሲያልቅ ምን ያስረክባሉ።

ጣቢያ ሀ፣ ብየዳ። ሦስቱ ይበይዳሉ። ሦስቱ ማስክ አድርገው አጠገባቸው ቆመው የእጅ አያያዛቸውን በቼክሊስት ይመዘግባሉ። ሁለቱ ከቀዘቀዘው ሥራ ላይ ስላጉን (ብየዳው ላይ የጋገረውን ቅርፊት) ያነሳሉ፣ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳሉ፣ ይመረምራሉ። ስድስት ማስክ ከሌላችሁ ተመልካቾቹን ከመጋረጃው ውጭ አውጡና የተበየደውን ይመርምሩ። ለጀማሪ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ70 እስከ 80 አምፔር ይበቃል። የቅስቱ (በኤሌክትሮዱ ጫፍና በብረቱ መካከል የሚነሣው ብርሃን) ርቀት ከኤሌክትሮዱ ውፍረት ብዙ አይበልጥ።

ጣቢያ ለ፣ ልኬትና ምልክት። ሜትሮ፣ ስኳድራና ጠመኔ ብቻ ይፈልጋል።

ጣቢያ ሐ፣ መቁረጥና ማስተካከል። አራት ሞርሳ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ልጅ። አንዱ በሴጌቶ ይቆርጣል ወይም በሊማ ይሞርዳል፣ ሌላው በስኳድራ ይፈትሻል።

ጣቢያ መ፣ ደረቅ ልምምድ። ከማሽን ጋር ያልተገናኘ መያዣ ላይ ኤሌክትሮድ አስገብተው በካርቶን ላይ በተሰመረ የ15 ሴንቲ ሜትር መስመር እጃቸውን ያስኬዳሉ። ሌላው በሰዓት ይይዛል። ብዙ አሰልጣኝ ይህን ይንቀዋል። ጀማሪ ኤሌክትሮድ የሚያጣብቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ እጁ ስለሚንቀጠቀጥና ፍጥነቱ ስለማይስተካከል ነው። ያንን በነጻ የሚማረው እዚህ ነው።

ጣቢያ ሠ፣ ሥዕል ማንበብና ዋጋ ማውጣት። አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። 90 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር ከ10 የሆነ የበር ፍሬም ለመሥራት ስንት ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ) ይገዛል? ዙሪያው ልክ 6 ሜትር ይመጣል። ገበያ ላይ ያለው አንዱ ቱቦላሬም 6 ሜትር ነው። ወዲያው «አንድ!» ይላሉ። «መጋዙ የሚበላውስ?» በሏቸውና ሂዱ። ስምንቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ ታገኟቸዋላችሁ። እንዲህ ያለ ጫጫታ ሲመጣ ተዉት።

ጣቢያ ረ፣ ምርመራና ጽሑፍ። ባለፈው ክፍለ ጊዜ የተበየዱትን ቁርጥራጮች ያያሉ፣ ጉድለቱን ይሰይማሉ፣ ምክንያቱን በደብተር ይጽፋሉ።

ሰዓቱ እንዲህ ይከፈላል። ከ2፡30 እስከ 2፡45 ስም ጥሪ፣ የልብስ ፍተሻና የዕለቱ ሥራ። ከ2፡45 እስከ 5፡15 ስድስት ዙር፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ። የመጨረሻው 15 ደቂቃ ጽዳትና ርክክብ።

ሒሳቡን አስሉት። በ25 ደቂቃ ሦስት ማሽን 75 ደቂቃ ይሰጣል። ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ልጅ ዘጠኝ ደቂቃ ግድም ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለሁለት ኤሌክትሮድ ከነጽዳቱ ይበቃል። ከዚያ ውጭ ያለውን ጊዜም እጁ ሥራ ላይ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ 96 ኤሌክትሮድ ይወጣል ማለት ነው። የግዥ ጥያቄያችሁን በዚህ ቁጥር አስደግፋችሁ አቅርቡ። «ኤሌክትሮድ አነሰን» ከማለት ይህ ይሻላል።

4. በድምፃችሁ ሳይሆን በደወል አዝዙ

ቸርኬውን በር አጠገብ ስቀሉ። አንድ ምት ሁለት ደቂቃ ቀርቷል፣ ማጽዳት ጀምሩ ነው። ሦስት ምት ወደሚቀጥለው ጣቢያ እለፉ ነው። ያልተቋረጠ ምት ሁሉም ሥራ ያቁም፣ ማብሪያውን ያጥፋ፣ ወደ አሰልጣኙ ይይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ዋናውን ማብሪያ አጥፍታችሁ ይህንን ብቻ አለማምዱ። ዙሩን በባዶ እጃቸው ይዙሩት፣ እስኪለምዱት ድገሙት። ግራይንደር (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር የብረት መሞረጃና መቁረጫ) እየጮኸ የሰው ድምፅ አይሰማም። እየጮኸ የሚያሰለጥን ሰው እስከ እኩለ ቀን ድምፁ ይዘጋል፣ ልጆቹም ካልተጮኸባቸው አንሰማም ይላሉ።

5. መሣሪያ በቆርኪ ይውጣ

ኮምፔንሳቶው ላይ እያንዳንዱን መሣሪያ አስቀምጣችሁ ቅርጹን በቀለም አስምሩ። ከቅርጹ በላይ አንድ ሚስማር ምቱ። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ቁጥሩ የተጻፈባቸው፣ የተበሱ ሁለት ቆርኪዎች ስጡ። የቡድን 3 አምስተኛው ልጅ ከሆነ ቁጥሩ 3-5 ነው። ስኳድራ የወሰደ ሰው ስኳድራው በነበረበት ሚስማር ላይ ቆርኪውን ሰቅሎ ይሄዳል። ሲመልስ ቆርኪውን ይወስዳል።

ለምን ሁለት ብቻ? አንድ ልጅ አራት መሣሪያ ሰብስቦ እንዳይቀመጥ። ለምን ቆርኪ? የጎደለውን ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም፣ ከበር ቆማችሁ ታዩታላችሁ። «እኔ አልወሰድኩም» የሚል ክርክርም ይቀራል።

ለኤሌክትሮድ ሌላ ሕግ አለ። ትራፊውን ያላመጣ አዲስ አይወስድም። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የቀረው ትራፊ ተመልሶ ይበየድበታል።

6. ለ48ቱ ሳይሆን ለስድስቱ አሳዩ

48 ልጅ አንድ ማሽን ዙሪያ ሲቆም ከኋላ ያለው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ስላላየ ይሰለቻል፣ ስለተሰላቸ ይገፋል። ስለዚህ ስድስቱን መሪዎች ሃያ ደቂቃ ቀደም ብለው ይምጡ በሏቸውና አዲሱን ሥራ አሳዩአቸው። እያንዳንዱ ፊታችሁ ይድገመው። ከዚያ ለቡድናቸው ያሳያሉ።

ጥያቄም በዚያው መንገድ ይምጣ። ሰልጣኙ መሪውን ይጠይቃል፣ መሪው ካልቻለ እናንተን። ያለዚያ «ቲቸር! ቲቸር!» ከአርባ ስምንት አፍ ይመጣና ለማንም ሳትደርሱ ቀኑ ያልቃል።

7. ቦታችሁን ምረጡ

ጀርባችሁን ለብየዳና ለመቁረጫው ጣቢያ አትስጡ። ሁለቱን በአንድ ዓይን የምታዩበት ቦታ ይዛችሁ ከዚያ ተነሥታችሁ ዙሩ። ሌሎቹን ጣቢያዎች በየዙሩ አንድ አንድ ጊዜ ጎብኙ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማረም በዚህ ሰዓት አይሆንም።

8. የሚረብሸውን ልጅ እንዲህ ያዙት

መጀመሪያ ሂዱና አጠገቡ ቁሙ። ምንም አትበሉ፣ የሚሠራውን ተመልከቱ። ብዙው ጊዜ ይኸው ይበቃል።

ካልበቃ በስሙ ጥሩት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ። «አንተ ሰነፍ» ሳይሆን የሚሠራውን ነገር ንገሩት፦ «ይህንን ሞርደህ ስትጨርስ አምጥተህ አሳየኝ።» ጓደኞቹ ፊት የተዋረደ ልጅ እልህ ይይዘዋል። እልህ የያዘው ልጅ ደግሞ በእጁ ግራይንደር አለ።

ከቀጠለ ከማሽኑ አንሱት። ከክፍል አታስወጡት፣ ውጭ ሆኖ በመስኮት ሌሎቹን ይበጠብጣል፣ ትምህርቱንም ያጣል። ጣቢያ ረ ላይ የጽሑፍ ሥራ ሰጥታችሁ አስቀምጡት። በሚቀጥለው ዙር ወደ ቡድኑ ይመለስ። ቅጣቱ አጭርና የተቆረጠ ይሁን።

ከክፍለ ጊዜው በኋላ ለብቻው አነጋግሩት። ከአዘዞ በታክሲ ተጋፍቶ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ አለ። ሌሊት ጥበቃ ሠርቶ የሚመጣም አለ። በዕድሜ ከእናንተ የሚበልጥ ሰልጣኝ ካለ «አንተ» አትበሉት፣ ጋሼ ወይም እርስዎ ብላችሁ አነጋግሩት። እሱ ከተከበረ ቡድኑን ሁሉ ያረጋጋላችኋል።

ለሦስት ነገሮች ብቻ ቅድመ ማስጠንቀቂያ የለም፦ ማሽን እየሠራ መገፋፋት፣ በግራይንደር መቀለድ፣ በሰው ዓይን ላይ ቅስት ማስነሳት። ይህንን ያደረገ ያን ቀን ማሽን አይነካም፣ ጉዳዩም ለክፍል ኃላፊው በጽሑፍ ይሄዳል። ይህን ሕግ በመጀመሪያው ቀን አንብቡላቸውና ለሁሉም እኩል ተግብሩት።

9. መዝግቡ

ሰልጣኞቹ በሠሩት ብረት ላይ ቁጥራቸውን በሚስማር ጫፍ ጭረው ይጻፉ። ጠመኔ ይጠፋል። በየቀኑ የስምንት ልጅ ሥራ ብቻ በደንብ እዩ፦ አንድ ቡድን። በስድስት ክፍለ ጊዜ ሁሉንም ታዳርሳላችሁ። የሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት የሞከረ የማንንም አላየም። በመዝገቡ ላይ ከስሙ አጠገብ አንድ ጉድለትና የሚቀጥለውን ሥራ ጻፉ።

10. ሰሌዳው ሳይሞላ በሩ አይከፈት

5፡15 ላይ ደውሉ። እያንዳንዱ ቡድን የቆመበትን ጣቢያ ያጸዳል። ቆርኪ የቀረበት ሚስማር ካለ የዚያ ቆርኪ ባለቤትና ቡድኑ ብቻ ይቆያሉ። 48ቱንም አታስቀሩ። ንጹሑን ከአጥፊው ጋር ስትቀጡ ንጹሑ ልጅ ለማጽዳት ምክንያት ያጣል።

መብራት ሲጠፋ

በየክፍለ ጊዜው የመጠባበቂያ ሥራ ይኑራችሁ። ከስድስቱ ጣቢያ አምስቱ ያለ መብራት ይሠራሉ። ጣቢያ ሀ ላይ ያሉት ወደ ደረቅ ልምምድ ይለፉ። በመጀመሪያ ግን የሁሉንም ማሽን ማብሪያ አጥፉ፣ ግራይንደሩን ከሶኬት ንቀሉ። መብራት ሳይታሰብ ይመለሳል። ማብሪያው የበራ ግራይንደር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ከተነሣ ሰው ይቆርጣል።

በጾምና በበዓል ሰሞን

በዐቢይ ጾም ብዙ ሰልጣኝ እስከ ቀትር በኋላ ምንም ሳይቀምስ ይውላል። በረመዳን ደግሞ የሚጾሙት ውሃም አይጠጡም። ክፍላችሁ ከሰዓት ከሆነ ብየዳና መቁረጥን ወደ መጀመሪያው ሰዓት አምጡ፣ ጽሑፍና ልኬትን ወደ መጨረሻ። ዓይኑ የደከመ ልጅ ግራይንደር አይያዝ። በጥምቀት ሳምንት ከጥር 10 እስከ 12 ጎንደር ሙሉ ለበዓሉ ስለሚወጣ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት አዲስ ሥራ አትጀምሩ። ክለሳ አድርጉት።

ማስጠንቀቂያ

- የብየዳ ብርሃን የሚጎዳው የሚበይደውን ብቻ አይደለም። በጎን ያየ ልጅ ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል። መጋረጃው ሳይዘረጋ ማሽን አይበራ።
- ነጠላ ጫማ፣ ናይለን ልብስ፣ የተንጠለጠለ ሻርፕና ያልታሰረ ፀጉር ወደ ማሽን አይቀርብም። ናይለን ብልጭታ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።
- መከላከያ ሽፋኑ የወለቀ ግራይንደር ከሰሌዳው ይውረድ።
- ቃጠሎን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አትቀቡ፣ ሙቀቱን አፍነው ቁስሉን ያባብሳሉ።
- ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ አትንኩ። መስመሩ 220 ቮልት ነው። ዋናውን ማብሪያ አጥፉ። የት እንዳለ ሁሉም መሪዎች ማወቅ አለባቸው።
- በኤሌክትሪክ የተነሣ እሳት ላይ ውሃ አይደፋም፣ አሸዋ ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

በመጀመሪያው ቀን ማሽን ማስነሳት። ልጆቹ ጓጉተዋል፣ እናንተም ደስ እንዲላቸው ትፈልጋላችሁ። ደወሉንና ሰሌዳውን ሳይለምዱ ከነካኩ ግን በኋላ መመለስ ይከብዳል።

ለጎበዞቹ ብቻ ማሽን መስጠት። ሥራው ያምራል፣ ኤሌክትሮድም አይባክንም። ሌላው ግን ተመልካች ሆኖ ይመረቃል።

የጣቢያ ሥራን ሳይቀይሩ መደጋገም። ጣቢያ ለ እና ሠ በየሳምንቱ አዲስ ጥያቄ ይፈልጋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ያው የበር ፍሬም ከተሰጠ ጫጫታው ይመለሳል።

ሕግ ማብዛት። አምስት ይበቃል፣ በትልቅ ጽሑፍ በር ላይ።

ወሩ ሲሞላ ዙሩን ወደ 50 ደቂቃ አሳድጉት። በአንድ ቀን ሦስት ጣቢያ፣ በሁለት ቀን ስድስቱ ይዳረሳሉ። አንድ ልጅ ማሽን ላይ የሚቆይበት ጊዜ በአንዴ ወደ 19 ደቂቃ ግድም ከፍ ይላል፣ መገጣጠም ለመጀመርም ይበቃዋል። ያንን ከማድረጋችሁ በፊት ግን ቆርኪዎቹን ቁጠሩ። የጠፉትን ተኩና ጀምሩ።